የሰሜን ዋልታ በረዶ በአጋሮ ሽማግሌዎች ፊት

ኮፐንሃገን፣ ሐምሌ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለጋሽ ዓለምብርሃን፣

ሰላምታዬ ከእርስዎ ይጀምርና እትዬ መንበረን፣ ከዚያ የመንደራ ቆጪን ጎረቤት ሁሉ ያዳርስልኝ። ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? እኔ አምላኬ ይክበር ይመስገን፣ ከትንሽ ጉንፋን በስተቀር የሚወራ ሕመም የለብኝም።

ባለፈው ስለ እርስዎ ለሥራ ባልደረባዬ ሳወራ «አጎትሽ የእናትሽ ወንድም ነው?» አለችኝ። የእናቴ የአጎት ልጅ ነው ብላት «ታዲያ ምኑ አጎትሽ ነው?» ብላ ሳቀች። ስድስተኛ ክፍል ጂኦግራፊ እያስተማረ ካርታ ላይ አባይን በተሳሳተ በኩል ስላፈሰስኩ በኩርኩም ያለኝ ሰው አጎት ካልተባለ ማን ሊባል ነው አልኳት።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሬዲዮ መናገር መጀመርዎን እማዬ በስልክ ነግራኛለች። ጡረታ ወጥተውም አላረፉም ማለት ነው! «ለገበሬው የሚጠቅም የዓለም ወሬ ላኪልኝ» ያሉትን አልረሳሁም። እንደሚያውቁት ካለፈው ዓመት ጀምሮ የምሠራው በአንድ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ድርጅት የዜና ክፍል ውስጥ ነው። አጥኚዎቹ ይጽፋሉ፣ እኛ ሰው እንዲያነበው አድርገን እናሳጥራለን፣ ጋዜጦች ይቀባበሉታል። በኅዳር መጨረሻ የዓለም መንግሥታት ስለ አየር ንብረት ሊመክሩ እዚሁ ከተማ ይሰበሰባሉ፤ ስለዚህ ቢሮው እንደ ሠርግ ቤት ነው።

ለሬዲዮዎ የሚሆን ወሬ ይኸውልዎ። ሰሞኑን ያወጣነው መግለጫ እንዲህ ይላል፦ «በፈረንጆች 2030 የሰሜን ዋልታ በረዶ አይኖርም።» በእኛ 2022 መሆኑ ነው። ካርታው ላይ ከላይ ነጭ ጠመኔ የቀቡት ቦታ ትዝ ይልዎታል? እሱ ነው የሚጠፋው። ምድር እየሞቀች ነው ጋሼ፣ ዝም የሚባልበት ጊዜ አይደለም።

አሁን ደግሞ ልመናዬን። ያ ከአጋሮ የሚያስመጡት ቡና አልቆብኛል። እዚህ ቡና ብለው የሚሸጡት ነገር ምን እንደሆነ አልነግርዎትም፣ ያዝናሉ። ሰው ሲገኝ ጥሬውን ይላኩልኝ።

እማዬን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ አቢጊያ



ጅማ፣ መንደራ ቆጪ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአቢጊያ፣

የሰማዩ ጌታ ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። መንበረ ጉልበቷን ያማታል፤ እኔ ደግሞ ምኔንም አያመኝም ብል ትቆጣኛለች፣ ስለዚህ ወገቤን ያመኛል።

ደብዳቤሽ እንደደረሰ ቦሳ አዲስ ሰፈር እናትሽ ፋንቱ ቤት ወስጄ አነበብኩት። ታውቂያለሽ፣ ከውጭ የመጣ ደብዳቤ የአንድ ሰው አይደለም። ፋንቱ ጎረቤቷን ሁሉ ጠርታ ነበር። ስለ ጉንፋንሽ ሲደርስ አለቀሰች፣ ስለ በረዶው ሲደርስ ደግሞ ኮራች፤ «ልጄ የዓለምን በረዶ ትጠብቃለች» ብላ ለእድሩ ሁሉ አውርታለች።

ቅዳሜ በሬዲዮ ተናገርኩት። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ ዋቅጋሪ የሚባል ጥሩ ሰው ከጎኔ ተቀምጦ በኦሮምኛ ይመልሰዋል። ሞገዱ ደህና የሆነ ዕለት እስከ አጋሮ ይሰማል። እንዲህ ያለ ቅዳሜ አይቼ አላውቅም! ገበያ ላይ ሰው እያስቆመ ጠየቀኝ። የአጋሮዋ ዘይቡ ደግሞ ደውላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ በረዶ ካለቀማ ደግ ነው፣ የቡናዬን አበባ አያረግፍብኝም!» እሷ የምታውቀው በረዶ ከሰማይ የሚወርደውን ነው። ስቄ ሞትኩ፣ ከዚያ በስልክ ሌላ ትምህርት ሰጠኋት።

ዘይቡን አታውቂያትም፣ ቡናዋን ግን ትጠጪያለሽ። ገና ልጅ ሆኜ አጋሮ ለማስተማር ስመደብ ቤት ያጣሁ ጊዜ እሷና ሟቹ ባሏ ናቸው ያስጠጉኝ። የቤት ኪራይ ብሰጣቸው እንደ ስድብ ቆጠሩት። የምልክልሽ ቡና ከዚያ ጓሮ የሚለቀመው ነው። አሁንም በአንድ ነጋዴ በኩል ልኬልሻለሁ።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ልጇ ነዚፍ እኔ ዘንድ መጣ። ጾም ላይ ስለነበረ ሻይ እንኳ አልቀመሰልኝም። ስልኩን አውጥቶ የኔን ድምፅ አሰማኝ፤ ቅዳሜ የተናገርኩትን ቀድቶታል። «ጋሼ፣ የዘንድሮውን ለቀማ ከጨረስን በኋላ ቡናውን ነቅዬ ጫት ልተክል ነው። እናቴ እምቢ አለችኝ። እርስዎ በረዶው አልቆ ቡናውም አብሮ ይሄዳል ብለዋል፣ ይንገሯት» አለኝ። ወጣት ነው፣ ሚስት ሊያገባ ነው። ያ ጓሮ ግን አባቱ ከአባቱ የወረሰው ነው፤ የዘይቡ መኖሪያም መኩሪያም እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ በማግስቱ ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲ አንድ ወጣት መምህር በቀጥታ ሥርጭት ደውሎ «አባባ፣ የዚያ ድርጅት ኃላፊ በቴሌቪዥን ቀርበው በጋዜጠኛ ተይዘዋል። በረዶው ሁሉ ያልቃል ማለታችሁ ሐሰት አይደለም ወይ ሲባሉ መልስ አጡ። በውጭ ሬዲዮ ሰምቻለሁ» አለኝ። ዋቅጋሪ ይህን ሲተረጉም አየኝ፣ እኔም አየሁት። ሙዚቃ አስገባን።

ልጄ፣ እኔ የፈረንጅ ጋዜጠኛ ከማን ጋር እንደተጣላ አያገባኝም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፦ የላክሽልኝ እውነት ነው ወይስ አይደለም? ለቀማው ሳያልቅ መልስሽ ይድረሰኝ።

ዓለምብርሃን



ኮፐንሃገን፣ መስከረም 30 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ዓለምብርሃን፣

እንኳን አዲሱ ዓመት በጤና አደረሳችሁ፤ የመስቀሉ ደመራም በሰላም አለፈ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ለእትዬ ዘይቡም የኢድ መልካም ምኞቴን ያድርሱልኝ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ስለ ቴሌቪዥኑ የሰሙት የፈረንጅ ጋዜጠኛ ጨዋታ ነው። አንዷን ዓረፍተ ነገር ይዘው ትልቁን ነገር ያስረሳሉ። ከጀርባቸው የነዳጅ ኩባንያዎች ጥቅም አለ። ዋናው ቁም ነገር ምድር መሞቋ ነው፣ ያንን የሚክድ ሳይንቲስት እምብዛም የለም። ድርጅታችን በመልእክቱ ይጸናል።

የነዚፍን ነገር ለኃላፊዬ ነግሬያት ነበር። ስትሰማኝ ከወንበሯ ተነሳች። «የሰሜን በረዶ ስለሚያልቅ ቡናውን የሚነቅል ኢትዮጵያዊ ገበሬ! ለጉባኤው ከዚህ የተሻለ ምን አለ?» አለችኝ። ፎቶውን በትልቁ አድርገን አዳራሹ በር ላይ እንሰቅላለን ትላለች። ጋሼ፣ ከጅማ አንድ ፎቶ አንሺ ይዘው አጋሮ ደርሰው ነዚፍን ከጓሮው ጋር ያነሱልኛል? ቢቻል መጥረቢያ ወይም ዶማ ይዞ።

ለፎቶውና ለመንገዱ፣ እንዲሁም ለእትዬ መንበረ ጉልበት መታከሚያ ሁለት መቶ ዩሮ በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። ቡናው ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ልጅዎ አቢጊያ



ጅማ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቢጊያ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ብሩን ለእናትሽ ሰጠኋት። እኔ የጠየቅሁሽ መልስ እንጂ ብር አልነበረም። ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት፣ አንድም ቦታ «እውነት ነው» ወይም «አይደለም» የሚል አጣሁበት። ድርጅታችን በመልእክቱ ይጸናል! ይህን ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም።

ፎቶ አንሺ አልወስድም። ሰውየውን ያስፈራነው እኛ፣ ፈራ ብለን ፎቶ የምናነሳውም እኛ? 

አሁን የሆነውን አጫውትሽ። ነዚፍና ዘይቡ ሊስማሙ ስላልቻሉ ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሰብሳቢው አባ ጊዲ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን እሳቸውም አያውቁትም፣ ያስቀመጡት ነገር ግን አይነሳም። ነዚፍ ምስክር አለኝ ብሎ ስልኩን አወጣ። ምስክሩ እኔ ነኝ። «ባለድምፁ ራሱ ይምጣ» ተባለና ተጠራሁ። ዋቅጋሪን ይዤ ሄድኩ። በአባ ጊዲ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ድምፄን አሰሙኝ። የገዛ ድምፅ እንደዚያ ሲጮህ መስማት ደስ አይልም ልጄ፤ ሰባኪ እመስላለሁ።

አባ ጊዲ ትክ ብለው አዩኝና «ዱጋዳ?» አሉኝ። እውነት ነው ወይ ማለታቸው ነው። በኦሮምኛ ከማውቃት ጥቂት ቃል ሁሉ እንደሷ የከበደችኝ የለም።

«ከውጭ አገር የመጣ ደብዳቤ አለኝ» አልኩ።

«ይነበብ።»

ዋቅጋሪ የሐምሌውን ደብዳቤሽን ከሰላምታው ጀምሮ ቃል በቃል እየተረጎመ አነበበው። የኩርኩሙ ላይ ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሲጨርስ ነዚፍ «ቡናውስ? ቡናውም አብሮ ይሄዳል የሚለው የታለ?» አለ። ዋቅጋሪ ወረቀቱን ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። የለም። አንቺ ስለ ቡና የጻፍሽው «አልቆብኛል ላኩልኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ቡናው አብሮ ይሄዳል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማይክሮፎኑ ፊት ሞቅ ሲለኝ ከራሴ የጨመርኩት ነው። ያንን ለዘይቡ ፊት ለፊት ተናገርኩ። ከዚህ ወዲያ ምን ውርደት አለ?

ዘይቡ አልተቆጣችም። «አባኮ፣ አባቴ፣ አንቱ እንኳን ተሳሳቱ፤ ደግነቱ ሳይነቀል ነው» አለች። ነዚፍ ግን ተነሳና የተናገረው ከጆሮዬ አልወጣም። «ሬዲዮውን አጋሮ ሁሉ ሰምቷል። ሁሉም ሰምቶ ሻዩን ጠጣ። ያመንኩዎት እኔ ብቻ ነኝ። አሁን ማመኔ ጥፋት ሆነ?» አለኝ። ምን ልበለው? አንቺ ብትሆኚ ምን ትይዋለሽ?

እንደማይረባ ጎረምሳ ቆጥሬው ነበር። ለካ ፈርቶ ነው የመጣው። አባቱ ያቆየለት ጓሮ ነገ ሚስት አግብቶ ልጅ ሲወልድ እጁ ላይ ሊደርቅበት መስሎት።

ሽማግሌዎቹ ተመካክረው እንዲህ ብለው ቀጠሩ፦ ለቀማው ይለቅ፣ እስከዚያ ማንም ዶማ አያንሳ። በታኅሣሥ እንቀመጣለን፤ ልጅቷ በፊርማዋ እውነቱን ትጻፍ። ዋቅጋሪ በኢንተርኔት ቶሎ እናገኘዋለን ቢላቸው አባ ጊዲ «ወረቀት» አሉ፣ በቃ። ስልክም አይቆጠርም፣ ስልክማ ይኸው እዚህ አደረሰን አሉ።

ስለዚህ አቢጊያ፣ ለእኔ አትጻፊ፤ ለአባ ጊዲ ሸንጎ ጻፊ። ድርጅትሽ የሚለውን ሳይሆን አንቺ የምታውቂውን። የማታውቂውን አላውቅም በይ። የዘይቡ ጓሮ መነቀል አለመነቀሉ በዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ዓለምብርሃን



ኮፐንሃገን፣ ኅዳር 15 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለጋሽ ዓለምብርሃን፣ ለአባ ጊዲና አብረዋቸው ለተቀመጡ አባቶች፣ ለእትዬ ዘይቡና ለነዚፍ፣

በቅድሚያ ከመቀመጫዬ ተነስቼ እጅ እነሳለሁ። ዕድሜያችሁ ይርዘም፣ ለቀማችሁ ይባረክ። ሴት ልጅ፣ ያውም በሩቅ ያለች፣ በሽማግሌ ፊት ልትናገር ስለተፈቀደላት አመሰግናለሁ።

እውነት ነው ወይ ብላችሁ ጠይቃችኋል። እንደተጻፈው እውነት አይደለም። የሚያልቀው በረዶው ሁሉ አይደለም።

በሰሜን ዋልታ ባሕር አለ፤ ባሕሩ ላይ በረዶ ይንሳፈፋል። እናንተ ዘንድ ክረምት በሆነበት ጊዜ እዚያ ሙቀት ነው፣ በረዶው ይቀንሳል፣ ብርዱ ሲመጣ ተመልሶ ይረጋል። አሁን ግን በሙቀቱ ወቅት ከዓመት ዓመት የሚተርፈው እያነሰ መጥቷል፤ ይህ ተለክቷል፣ ክርክር የለበትም። አጥኚዎቻችን የጻፉት «በሙቀቱ ወቅት መጨረሻ፣ ባሕሩ ላይ የሚንሳፈፈው በረዶ በ2030 ሊያልቅ ይችላል» የሚል ነበር። ሌሎች አጥኚዎች ደግሞ ከዚያ በጣም ይዘገያል ይላሉ። ግሪንላንድ በሚባለው አገር መሬት ላይ የተቆለለው በረዶ ሌላ ነው፤ ውፍረቱ ተራራ ያህላል። እሱም እየቀለጠ ነው፣ ነገር ግን በእኛም በልጆቻችንም ዕድሜ አያልቅም።

ስለ ቡና ጠየቅሁ። በቢሮው ሦስቱም ፎቅ ዞሬ ጠየቅሁ። ስለ አጋሮ ቡና ያጠና ሰው ድርጅታችን ውስጥ የለም። ሙቀት ለቡና እንደማይስማማ ሁሉም ይናገራል፤ መቼ፣ የት፣ ምን ያህል ለሚለው ግን መልስ የለንም። አላውቅም።

ነዚፍ ወንድሜ፣ አንተ ማመንህ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። አጥኚዎቹ የላኩልን ወረቀት ረጅም ነበር። «በሙቀቱ ወቅት» የሚለውን አወጣሁት፣ «ባሕሩ ላይ የሚንሳፈፈው» የሚለውን አወጣሁት፣ «ሊያልቅ ይችላል» የሚለውን «አይኖርም» አደረግሁት። አንባቢ እንዳይሰለች ብዬ። ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከዚህ በታች ያለው ለጋሽ ዓለምብርሃን ነው፤ ዋቅጋሪ ካነበበውም ግድ የለኝም።

ጋሼ፣ መስከረም ላይ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ አለቃችን ላብ ሲያጠምቃቸው ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ አየሁ፤ በእኔ ቃል ነው የተያዙት። ማን እንዳሳጠረው ቢሮው ውስጥ ማንም አልጠየቀም፣ እኔም አልተናገርኩም። ሥራዬን ካጣሁ የመኖሪያ ፈቃዴም ያበቃል። ለእርስዎ ስጽፍ አፌ የቢሮውን ቋንቋ ተናገረ፤ ብር የላክሁትም ለዚያ ነው፣ አፍሬ። ከዚያ የነዚፍን ፎቶ ዶማ አስይዤ ልሰቅል ነበር። «ሰውየውን ያስፈራነው እኛ» የምትለዋን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ።

ስድስተኛ ክፍል መስፈርት ያልጻፍኩበትን ካርታ ሲመልሱልኝ «ይህ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ካልነገርሽኝ የግድግዳ ሥዕል ነው» ብለውኝ ነበር። መስፈርቱን ነው ቆርጬ የጣልኩት።

ትናንት ኃላፊዬ ዘንድ ገብቼ ያሳጠርኩት እኔ መሆኔን ነገርኳት። ፎቶ እንደማይኖርም ነገርኳት። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። ወረቀቱ ላይ ግን ፊርማዬ አለበት።

አቢጊያ



ኮፐንሃገን፣ መጋቢት 9 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለጋሽ ዓለምብርሃን፣

ገናም ጥምቀትም አለፈ፣ ጾሙም ተጋመሰ፣ ከእርስዎ ግን ድምፅ የለም። እማዬን በስልክ ስጠይቃት «ደህና ነው፣ እጽፋለሁ ብሏል» ትለኛለች። ተቆጥተው ከሆነ ይቆጡኝና ይጻፉልኝ።

ጉባኤው ብዙ ተወራለት፣ ተበተነ። እኔን አላባረሩኝም። ከዜና ክፍል አውጥተው የተማሪዎች ደብዳቤ መላሽ አድርገውኛል፤ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ ነጩ ድብ የት ይሄዳል ብሎ ይጽፍልኛል፣ እኔ እመልሳለሁ። ደመወዙ ቀንሷል፣ ፈቃዴ ግን ታድሷል።

የጓሮው ነገር ምን ሆነ? ቡና እንዲልኩልኝ ለመጠየቅ ፊት የለኝም። ይህን ብቻ ይንገሩኝ፤ ተነቀለ ወይስ አልተነቀለም?

ልጅዎ አቢጊያ



ጅማ፣ ሰኔ 24 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአቢጊያ፣

እግዚአብሔር የምትረግጪውን መሬት ሁሉ ያለምልምልሽ። አልተቆጣሁም። ባለፈው ጊዜ የሰማሁትን እንጂ ያየሁትን ስላልተናገርኩ ነው ያ ሁሉ የመጣው። በዚህኛው በዓይኔ ያየሁትን ልጻፍላት ብዬ ነው የዘገየሁት። እናትሽንም ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ፋንቱ ምስጢር መጠበቅ እንዴት እንዳሰቃያት ብታዪ!

ደብዳቤሽ ታኅሣሥ ላይ በሸንጎው ፊት ተነበበ። «ከዚህ በታች ያለው» ከሚለው ላይ ዋቅጋሪ ቆሞ አየኝ። ሽማግሌ ፊት የቀረበ ወረቀት ግማሹ አይደበቅም፣ አንብበው አልኩት። ሲጨርስ ዘይቡ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አባ ጊዲ «ታዲያ ይኸ በረዶ ያልቃል አያልቅም?» አሉ።

ዋቅጋሪ «እየቀነሰ ነው፤ መቼ እንደሚያልቅ ግን አይታወቅም ነው የምትለው» አላቸው።

«እንደኔ ጉልበት ነዋ!» አሉ አባ ጊዲ፣ በረንዳው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ፍርዱን ሰጡ፦ በዚህ ምስክር ጓሮ አይነቀልም። ዘይቡ በሕይወት እስካለች ቡናው ቡና ነው። ዝናቡ እምቢ ካለ ግን ነዚፍ ተመልሶ ይምጣ፣ ደግመን እንቀመጣለን። ስለ አንቺም ተናገሩ። «ልጅቷ ዳቦዋን አስይዛ እውነት ተናግራለች፣ ተመርቃለች» ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም አሜን አልን። የምረቃው ድምፅ እዚያ ድረስ ተሰምቶሽ ከሆነ አላውቅም።

ነዚፍ ግን ምረቃውን ሳይጠብቅ ተነስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ቢያየኝ በሌላ በኩል ያልፍ ነበር።

በሬዲዮ ስሕተቴን አረምኩ። ይህስ ቀላል መስሎኝ ነበር። ያ ወጣት መምህር ደውሎ አመሰገነኝ፣ ሌላው ግን «ስለዚህ ሙቀቱም በረዶውም ሁሉ ውሸት ነበር» ማለት ጀመረ። ሰው ከሁሉ ነገር ወደ ምንም ነገር በአንድ ጊዜ እንዴት እንደሚዘል አልገባ አለኝ። አንድ የቡና ነጋዴ መንገድ ላይ «ጋሼ በረዶ» ብሎ ስም አወጣልኝ፣ ተለጠፈብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አልተውኩም። አሁን አጭር እናገራለሁ፣ ያላወቅሁትን አላውቅም እላለሁ፤ የሚሰማኝ ሰው ቀንሷል መሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት ነዚፍ ራሱ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ብቻዎን ይምጡ፣ ዋቅጋሪንም አያምጡ» አለኝ። ልቤ ፈራ። ነቅሎታል ብዬ መንገዱን ሙሉ ራሴን ስወቅስ ሄድኩ። ዝናብ ነበር። ዘይቡ ከቤቱ ብቅ ብላ ሰላም አለችኝ፣ ምንም አልነገረችኝም፣ በእጇ ብቻ ወደ ጓሮ አሳየችኝ።

ቡናው አለ። እንዳለ አለ፣ ቅጠሉ ከዝናቡ የተነሳ ያብረቀርቃል። ነዚፍ በመካከሉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ጉድጓድ ይቆፍራል። ቡናው በሳሳበት፣ ፀሐይ በሚበረታበት በታችኛው በኩል ሁሉ የዋንዛና የብርብራ ችግኝ ተክሏል። ለቡናው ጥላ።

ቀና ብሎ አላየኝም፣ እየቆፈረ ነው የተናገረው። «እርስዎ ያልቃል ያሉበትን ዓመት ነው የወሰዱልኝ እንጂ ፍርሃቱን አልወሰዱልኝም። ምንጫችን በልጅነቴ እንደነበረው አይደለም። ልጅቷ አላውቅም አለች። አላውቅም ካለች ዝም ብዬ ልቀመጥ? ጥላ ብተክል ሙቀቱ ቢመጣ ይጠቅመኛል፤ ባይመጣ ደግሞ ዋንዛ መቼም ጣውላ ነው።»

ችግኝ ያቀብሉኝ አለኝ፣ አቀበልኩት። ወገቤ ዛሬም ያመኛል፣ አሁን የምሬን ነው። ማታ ወደ ጅማ ስመለስ መኪናው ድረስ ሸኘኝና እጄን ይዞ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። በሬዲዮ እንዳያወሩብኝ። ዝናቡ አጥሮ ችግኞቹ ቢደርቁ ሰው ይስቅብኛል» አለኝ። ወላሂ አልናገርም ይበሉኝ አለ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ወላሂ አልኩት።

ዘይቡ ከዘንድሮው ቡና ልካልሻለች። ሳትለምኚ ነው የላከችልሽ። መልእክትም አላት፤ «ለልጅቷ እንዲህ በሏት፦ ስትጽፊ አታሳጥሪ፣ እኛ ቁጭ ብለን እንሰማለን» ብላለች። ስለ ነጩ ድብ ለጠየቀሽ ልጅም ይህንኑ አድርጊ።

ነዚፍን ለቢሮሽ እንዳታነሺው። ይህን ደብዳቤ ለማንም አታንብቢው፤ እኔም እናትሽ ቤት አላነበብኩትም። በሕይወቴ ለአንድ ሰው ብቻ የጻፍኩት ደብዳቤ ይህ ነው። ችግኞቹ ሥር ይያዙና ያን ጊዜ እሱ ራሱ ይናገራል።

አጎትሽ ዓለምብርሃን